ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚድን ላፕቶፕ

ሀፊዝ ያን ዓርብም ደክሞታል። የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው እሱ ብቻ ነው፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት ዓይኑን ገልጦ መቀመጥ እንኳ ሥራ ይሆንበታል። ኢስራ ላፕቶፗን አቅፋ በሩ ላይ ስትቆም ግን ሳያውቀው ቀና አለ።

ኢስራ እዚያው ኮሌጅ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቤቷ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ላፕቶፑ የሚሠራው ዩኒክስ በሚባል ሲስተም ነው። ሕመሙ አንድ ነው፤ ደሴ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪው ሰማንያ በመቶ አለኝ እያለ ድርግም ይላል። ሌሊቱን ያዘጋጀችው ፈተና ሳይቀር ጠፍቶባታል።

ሀፊዝ እንደ ልማዱ አጥፍቶ አበራው። የባትሪውን መጠን ለሲስተሙ የሚነግረው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ በትክክል ይቆጥራል።

«ደህና ነው» አላት።

«እዚህማ ሁሌም ደህና ነው» አለች በዛለ ድምፅ።

እንዲህ ሲመላለሱ ወራት አልፈዋል። የሥራ ባልደረባው ተውፊቅ፣ የደሴ ብርድ ነው የሚያሳምመው እያለ ይቀልዳል። አንዳንዴም፣ ላፕቶፑስ ጤነኛ ነው፤ የታመሙት ይዛው የመጣችውና የሚያክመው ናቸው ይላል። ሁለቱም እንዳልሰሙ ያልፉታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ኢስራ ላፕቶፑን ስትቀበል፣ ለአባቷ ወዳጅ ልጅ ለትዳር የሚጠይቋት ሽማግሌዎች በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ከገራዶ እንደሚመጡ ዝቅ ባለ ድምፅ ነግራው ነበር። ሀፊዝ የቻርጀሩን ገመድ ጠቅልሎ ሰጥቷት ወደ ሥራው ተመለሰ። የደከመው ሰው ተስፋውንም ለነገ ያሳድራል። ዛሬም ሲያያት እንደ አዲስ «እንዴት ሰነበትሽ?» ነበር ያላት።

ልትወጣ ስትል ተነሣ። ሲበላሽ ካላየሁት አላውቀውም፣ ደሴ ድረስ አብሬሽ ልምጣ አላት።

የላፕቶፑን ክዳን ዘጋችና ሚኒባስ ተሳፈሩ። በየጠመዝማዛው ትከሻቸው እንዳይነካካ ቦርሳዋን መሃላቸው አኖረች። የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ ሀፊዝ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተው። ሳያጠፋ ሲነካው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ትእዛዝ በሚጻፍበት ተርሚናል ላይ የባትሪውን መጠን ጠየቀ፤ ሰማንያ ሦስት። ባትሪውን ቶሎ እንዲጨርስ ስክሪኑን አድምቆ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም ሰማንያ ሦስት። ድራይቨሩን ከሲስተሙ አውጥቶ መልሶ ሲጭነው ቁጥሩ ስድሳ አንድ ላይ ወረደ።

«ብርዱ አይደለም፤ ክዳኑ ነው» አለ። «ሲዘጋ ይተኛል፤ ሲነቃ ድራይቨሩ አብሮት አይነቃም። የዘጋሽበትን ቁጥር ይዞ ይቀራል። እኔ ሁሌ አጥፍቼ ስለማበራው አይታየኝም ነበር።»

ኢስራ ዓይኗን ከመስኮቱ ወደ እሱ መለሰች።

«ለሰውም እንደዚያው ነህ» አለች። «በመጣሁ ቁጥር እንደ አዲስ ትጀምረኛለህ። የት ላይ እንዳቆምኩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ሀፊዝ፣ ላፕቶፑ በነቃ ቁጥር ድራይቨሩን መልሶ የሚጭን አጭር ትእዛዝ ጻፈ። ጣቶቹ ዘገዩ፤ ይህ ሲያልቅ የምትመጣበት ሰበብም እንደሚያልቅ ያውቃል። ክዳኑን ዘግቶ ከፈተው። ቁጥሩ ልክ ነው።

«ከገራዶ ስለሚመጡት ሽማግሌዎች ስትነግሪኝ ነበር ያቆምሽው» አላት። «እኔም ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ወላሂ ደክሞኝ ነው፤ ስላልፈለግኩሽ አይደለም። አጎቴ የሱፍ ደሴ ፒያሳ ሱቅ አላቸው። ዛሬውኑ ሄጄ ሽማግሌ ይሁኑኝ ልበላቸው?»

ሚኒባሱ ከዳገቱ ሲወጣ የደሴ ብርድ በመስኮቱ ገባ። ኢስራ ሻሿን ሳብ አደረገች።

«አባባ ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቤት ናቸው» አለች። «እሺ ይበሉ አይበሉ አላውቅም፤ ማንንም ግን ሳይሰሙ አይመልሱም።»

ፒያሳ ሲደርሱ ሀፊዝ ወረደ። መስኮቱን ከፍታ ጠራችው።

«ሰኞ ደግሞ እንዴት ሰነበትሽ እንዳትለኝ።»

አላላትም። አጎቱ ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ዘንድ ለሽምግልና ሄደው ነበር። ሰኞ በሩ ላይ ስትቆም፣ ከወንበሩ ተነሥቶ «አባትሽ ምን አሉ?» ነበር ያላት።

«የገራዶዎቹን፣ ልጄን ሰጥቻለሁ ብለው በክብር ሸኟቸው» አለችው።

ላፕቶፑን አልያዘችም።