እናቱ የተወለዱበት ቤት

አናጢው መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት የመጣ ዕለት ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረበት።

«እናቴ የተወለደችበትን ቤት ፈልጊልኝ» አላት ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ።

«የቤት ቁጥር?»

«የለኝም።»

«የአያትህ ስም?»

«ከቤት ካባረሯት ወዲህ ስማቸውን አታነሳም። ያለኝ የእሷ ስምና የልደት ዓመቷ ብቻ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በመጣበት ትመልሰው ነበር። እሱን ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ «ሐሙስ ተመለስ» አለችው።

ሐሙስ መጣ። የሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ። አሮጌዎቹን የልደት መዝገቦች ጎን ለጎን ቆመው ሲገልጡ ክንዳቸው ሲነካካ አንዳቸውም ፈቀቅ አይሉም ነበር። አንድ ቀን እሱ፣ «ካገኘነው በኋላ በምን ሰበብ እመጣለሁ?» አለ። «ሰበብ ለምን አስፈለገህ?» አለችው፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ። ከዚያ ወዲያ የሚገናኙት ሐሙስ ብቻ አልነበረም። በሦስተኛው ወር ሊጋቡ ተስማሙ።

በዚያው ሳምንት የእናቱን ስም መዝገቡ ላይ አገኘችው። ጣቷ ወደ አባት ስም፣ ከዚያም ወደ ቤት ቁጥሩ ወረደና እዚያው ቀረ።

«ምን ሆንሽ?»

«የእኛ ቤት ነው።»

«ቀልዱን ተዪ።»

«ከአባቴ ጋር የምኖርበት ቤት ነው። አባትየው አያቴ ናቸው። እናትህ የአባቴ እህት ናቸው።»

እጁን ከእጇ ላይ እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀ። ሮጦ ወጣ፤ በሩን እንኳ አልዘጋም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤት ስትደርስ ጨርቅ እየቀደዱ ነበር።

«አባዬ፣ እህት ነበረችህ?»

መቀሱ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ልጇን ላገባው ነበር።»

አባቷ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መቀሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በመጨረሻ፣ «እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም» አሉ።

ግድግዳውን ተደገፈች።

«እናቴ እዚህ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ጓሮ ክፍል ወልዳኝ ሞተች። የቤቱ ልጅ እትዬ ናት አዝላ ያሳደገችኝ። አሥር ዓመቴ ላይ አንድ ሾፌር ወደደች። አባቷ ተናደው ‹ልጅ የለኝም› ብለው አባረሯትና እኔን በስማቸው አስመዘገቡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እሷ አለች ብዬ ብናገር፣ እኔ ማን ልባል ነው?»

አያቴ ስትል የኖረቻቸው ሰው አያቷ አይደሉም። ማልቀስ ያማራት መስሏት ነበር፤ የመጣባት ግን ደስታ ነው፤ በደስታዋም አፈረች። እየሮጠች ወደ አናጢው ሥራ ቤት ሄደች።

«ዘመድ አይደለንም!» አለችው ከደጅ። «ቤቱም የእኛ አይደለም፣ የእናትህ ነው!»

አናጢው የጣውላው ክምር ላይ ዘጭ አለ። «እስቲ ቀስ ብለሽ፣ ልቤ ልትቆም ነው።»

እሑድ እናቱን ይዞ መጣ። የልጅቷ አባት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ደረጃው ሥር ይጠብቁ ነበር።

«እትዬ፣ ቤትሽ ነው። እኛ እንወጣለን» አሉ።

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ማነው የሚወጣው? ስንቴ ጀርባዬ ላይ ሸንተህብኛል! እሱን ሳትክሰኝ የትም አትሄድም!» ብለው አንገታቸውን አንቀው ሳሟቸው። ሁለቱም ተንሰቀሰቁ።

እንባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ በር ላይ የቆሙትን ልጆች አዩ። «እነዚህስ ምን ሆነው ነው የሚንቀጠቀጡት?»

«ሊጋቡ ነው እትዬ።»

«የማን ልጅ ከማን ልጅ?»

«የእኔ ከአንቺ።»

ሴትዮዋ የደረጃውን መደገፊያ ጨብጠው ቁጭ አሉ። ልጃቸው ደንግጦ ሮጠ።

«ተወኝ፣ ደህና ነኝ» አሉት በእጃቸው እየገፉት። ከዚያም ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «እስቲ ደግመህ ንገረኝ። እኔ ደስ የሚል ነገር አንዴ ሰምቼ አላምንም።»