ቀሚሴን ያጠበበችው ሴት

እመኑኝ አትመኑኝ የእናንተ ፋንታ ነው። ይህ ግን በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ስሜ አስካለ ይባላል። ሰባ ዓመት አልፎኛል። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ለዚህ ቻናል በስልኳ ትጽፍልኛለች።

ጊዜው ነሐሴ 1966 ዓ.ም ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ቦታው ከአሰላ ከፍ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ያለ የእንጨት ፎቅ ቤት።

ቀን ነው እያልኳችሁ ነው። ግን ጭጋጉ ወርዶ የግቢው በር እንኳ አይታይም ነበር...

እዚያ ቤት እንዴት እንደገባሁ ላስቀድም።

አባቴ ወልደ ጊዮርጊስ አሰላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔ በረንዳው ላይ በሲንጀር ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ፈቃደ የሚባል የስንዴ እርሻ ባለቤት ሸሚዝ ሊያሰፋ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሚስቱ አባይነሽ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብታ ሞተች ይባል ነበር።

ሸሚዙ ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም። አንዴ ኮሌታው ጠበበኝ ይላል፣ አንዴ ቁልፉ ወለቀ ይላል። ቁልፉን ራሱ እንደሚበጥሰው አውቅ ነበር።

ወደድኩት። ይህን አልደብቃችሁም።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን።

"እርስዎ አትበይኝ፤ ፈቃደ በይኝ" አለኝ፣ በላንድሮቨሩ ሽቅብ ስንወጣ።

ቤቱን የሠራው በጣሊያን ጊዜ የነበረ አንድ ጣሊያን ነው። እኛ ታች እንኖራለን። ላይኛው ተቆልፏል።

"የዘር ስንዴ ነው ያለው" አለኝ። "መድኃኒት ተረጭቶበታል። እንዳትወጪ።"

አልወጣሁም።

ከእኛ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እማማ ሀሊሜ ብቻ ናቸው። የአገሩ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የፈቃደ ጭሰኛ ነው። ምግብ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ብዙ አያወሩም።

ክረምቱ ገባ... ጭጋጉም አብሮ ገባ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀሚሴን ነው።

በገዛ እጄ የሰፋሁት የፖፕሊን ቀሚስ ነበር። ልለብሰው ብል ወገቡ አልገባ አለኝ። ወፈርኩ እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ገልብጬ አየሁት።

ስፌቱ ተፈቶ እንደገና ተሰፍቷል። በእጅ። ደቃቅ፣ ንጹሕ ስፌት... የእኔ እጅ አይደለም።

ፈትቼ ወደ ልኩ መለስኩት። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ግን አንዱ ልብሴ ይጠባል። ሁሌም በአንድ ልክ። ለአንዲት በጣም ቀጭን ሴት።

"እማማ ሀሊሜ፣ እርስዎ ነዎት?"

ቀሚሱን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ዓይኔ መርፌ አያይም እትዬ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

ሄደው መስኮቱን ዘጉ።

"አባይነሽ ቀጭን ነበረች" አሉ... በሹክሹክታ።

ለፈቃደ አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀሚሱን ከእጄ ወስዶ እሳት ውስጥ ከተተው። እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አየው።

ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ታምሷል። ሬዲዮኑ በየቀኑ አንድ ባለሥልጣን ታሰረ ይላል። ጭሰኞቹም እንደ ድሮው አንገታቸውን አይደፉም። ፈቃደ ወሬ ለመስማት አሰላ ይመላለስ ነበር።

ያን ቀንም ሄዷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ... ከላይ ሳል ሰማሁ።

የሰው ሳል።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሀሊሜ ሳህን ይዘው ደረጃው መሃል ላይ ናቸው። እንጀራ በወጥ።

"የዘር ስንዴ እንጀራ ይበላል እንዴ?" አልኳቸው።

ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀመጡት።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዝም በዪ። ከተናገርኩ በትራክተር ጎጆዬን ያርሰዋል። የጎረቤታችንን የሁሴኖን አርሷል።"

"ቁልፉን ይስጡኝ።"

"ባልሽ..."

"ነጥቃኝ ነው ይበሉት።"

ወደ ታች ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ።

ከፍቼ ገባሁ።

ስንዴ የለም። አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ በጣውላ የተመታ መስኮት።

ጥጉ ላይ በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት ተቀምጣለች።

"አባይነሽ?" አልኳት።

ጆሮዋን ያዘች።

"አትጥሪያት!"

"አንቺ... አይደለሽም?"

"የሺመቤት ነኝ። ከዴራ ነው ያመጣኝ። ሰርግ አልነበረንም... እዚህ መሆኔን ማንም አያውቅም።"

ግድግዳውን ያዝኩ።

"ልብሶቼን የምታጠብቢው አንቺ ነሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ።

"የእኔንም እሷ ታጠብባቸው ነበር" አለች። "አሁን ልኬ ሆነዋል።"

ተነሳች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። ከቀሚሱ በላይ ግን አጥንት ብቻ ነው የሚታየው...

"ለምን ቆለፈብሽ?"

የመለሱልኝ ሀሊሜ ናቸው፣ ከበሩ ላይ ሆነው።

"አባይነሽ ሆስፒታል አልሞተችም። ተጣሉ። እንዲህ ባለ ጭጋግ ከቤት አስወጥቶ ቆለፈባት። እኔ ከወጥ ቤት እሰማለሁ። 'ፈቃደ፣ ክፈትልኝ' ትላለች። ታንኳኳለች። አልከፈተም። ጭጋጉ ሲገፈፍ... የለችም።"

"አስከሬኗስ?"

"የለም አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ያመጣኋትን ሴት እሷ ትወስድብኛለች ብሎ ይፈራል። አንዷን ውጭ ቆለፈባት፤ ሌላዋን ውስጥ ቆለፈባት።"

ለእኔ የቀረኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ተነሺ፤ እንሂድ" አልኳት የሺመቤትን።

"ውጪ ጭጋግ ነው!"

"እሱ ከመጣ አንወጣም።"

ሀሊሜ ሻሻቸውን ፈተው አንዱን ጫፍ በእጄ አስያዙኝ።

"መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው" አሉ። "ጎጆዬንም ይረሰው። ጎጆ ይሠራል።"

ሦስት ሴቶች ሻሹን ይዘን በስንዴው ዳር ወረድን። አንዳችን የሌላችንን ፊት አናይም። የሺመቤት እግሯ መራመድ ረስቷል፤ በየጥቂቱ ትወድቃለች።

ከፊታችን ሁለት መብራት መጣ... ላንድሮቨሩ።

ፈቃደ ወረደ። የሺመቤትን ሲያይ እንባው ዱብ አለ።

"አስካለ... ግቡ። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ብቻ።"

"ሰው ቆልፈህ?"

"ለእሷ ብዬ ነው። አንቺንም እንዳላጣሽ..."

እጄን ያዘኝ። እጁ በረዶ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜም እወደው ነበር።

"ለአባይነሽ ለምን አልከፈትክላትም?" አልኩት።

አፉን ከፈተ።

ያኔ... ከስንዴው መሃል የሴት ድምፅ መጣ። ቅርብ ነው። ቁጣ የለበትም።

"ፈቃደ... ክፈትልኝ።"

ሀሊሜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ቢስሚላሂ..."

የሺመቤት ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ፈቃደ እጄን ለቀቀ። ወደ ድምፁ ዞረ። ትከሻው ሲወርድ አየሁ፣ ከባድ ሸክም አውርዶ እንዳረፈ ሰው።

"መጣሁ" አለ።

"አትሂድ!" ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩ።

ቀስ ብሎ እጅጌውን አወለቀና ኮቱን እጄ ላይ ትቶልኝ ስንዴው ውስጥ ገባ።

"መጣሁ፣ አባይነሽ... መጣሁ..."

ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ... ጠፋ።

አሰላ አባቴ ቤት እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። የሺመቤትን ወንድሞቿ ከዴራ መጥተው እያለቀሱ ወሰዷት። ኋላ ድና አግብታ ወልዳለች፤ በር ተዘግቶ ግን እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም አሉ። የሀሊሜን ጎጆ ማንም አላረሰውም። በዓመቱ መሬቱም የእነሱ ሆነ።

እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ከአባቴና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወደዚያ ተመልሼ ወጥቻለሁ።

ሌሊቱን አልዘነበም። ጭጋጉ ተገፍፏል። ላንድሮቨሩ እንደቆመ ነው፤ በሩ እንደተከፈተ።

ስንዴው መሃል፣ እርጥቡ አፈር ላይ የፈቃደ ጫማ ዱካ አለ። ከጎኑ ደግሞ የባዶ እግር ዱካ... ትንሽ፣ የሴት።

ጎን ለጎን ሽቅብ ይወጣሉ።

ተከተልናቸው።

እርሻው መሃል ላይ የጫማው ዱካ አበቃ።

የሴቲቱ ግን ቀጠለ። ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጭላሎ...

ከዚያ ጀምሮ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር የሰመጠው። ትልቅ ሰው ታቅፋ እንደምትሄድ።