የጳጉሜን ስድስተኛዋ ቀን

ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ባለው ክሊኒክ የኮምፒውተሩን መበላሸት የሚመኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም የካርድ ክፍል ኃላፊዋ መቅደላዊት ናት።

ምኞቷ የተጸነሰው በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። በዚያ ወር ኮርሳ የሚባል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት፣ የታካሚዎችን ካርድ የሚመዘግብና ቀጠሮ የሚያሰላ ፕሮግራም ሊሠራ መጣ። አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጦ አሠራሯን አጠና። የጠፋ ካርድ እንዴት እንደምታገኝ፣ ስሙ በሃሌታው ሀ ይሁን በሐመሩ ሐ መመዝገቡን የማያውቅ ታካሚ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚያናድዳት ጠየቃት። ስለ ሥራዋ እንዲህ አጥብቆ የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። በመጨረሻው ቀን ጥያቄው አለቀ፤ እሱ ግን አልተነሣም። ሁለቱም ጎን ለጎን ባዶውን ስክሪን ሲያዩ ቆዩ።

ያስረከበ ዕለት ስልክ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከስክሪኑ ጠርዝ በፕላስተር ለጠፈ።

«ካቆመ ደውይልኝ» አላት፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል።

አላቆመም። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ከነበረበት መስመር ይቀጥላል። በክረምት ጣሪያው አፍስሶ ኮምፒውተሩ ሲቀየር፣ በአዲሱም ላይ ያለ ማንገራገር ተነሣ፤ ወረቀቱንም መቅደላዊት ወደ አዲሱ ስክሪን አዛወረችው። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። የሥራ ባልደረቦቿ ፕሮግራሙ መኖሩን እንኳ ዘነጉት። መቅደላዊት ግን በየማለዳው ስትከፍተው፣ የባለጸጋ አጎቱን ጤና እንደሚጠይቅ ወራሽ፣ ሕመሙን በስውር ትጠባበቅ ነበር። የሥራው እንከን የለሽነት ያኮራታል፤ ያው እንከን የለሽነት ግን ከሠሪው ለያት። ያለ ምክንያት መደወል ደጅ መጥናት መሰላት። ከፈለገኝ ይመጣል፣ እያለች ራሷን አጽናናች።

ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ አሰገደች ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ የሀና ማርያም ነጋዴ እሷን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ነግረዋት፣ እስከ እንቁጣጣሽ መልሷን እንድታሳውቅ ቀን ቆረጡላት። ዘመኑ 2015 ነበርና ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ መቅደላዊትም አንዲት ቀን ተጨመረላት።

የዚያችን ቀን ጣጣ የነገረቻት የመድኃኒት ክፍሏ ሐሚዳ ናት። ከአራት ዓመት በፊት የወንድሟ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ጳጉሜን ስድስት ሲደርስ እንዲህ የሚባል ቀን የለም ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ ሥራ አስፈትቶ መዋሉን አወራችላት፤ ያንቺም ዘንድሮ ይለይለታል አለቻት። መቅደላዊት ፊቷን አዞረች። ሐሚዳ ግን ፈገግታዋን አይታባት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከማለዳው ጀምሮ ይዘንባል። መቅደላዊት የመጀመሪያዋን ታካሚ ስም አስገብታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቁልፉን ተጫነች። ፕሮግራሙ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረም፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ ጻፈ፣ ቀጠሮውንም ከአዲሱ ዓመት ቈጥሮ አወጣ።

ታካሚዋ እንደ ወጣች ሐሚዳ ገብታ መቅደላዊት እንባዋን ስትጠርግ ደረሰችባት።

«ሰው ኮምፒውተሩ ሲበላሽበት ያለቅሳል፤ አንቺ ሲሠራልሽ?»

«አሁን ምን ብዬ ልደውል? ውሸት ልፍጠር?»

ሐሚዳ ስልክ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ከስክሪኑ ልጣ በመዳፏ አኖረችላትና ወጣች።

መቅደላዊት ብቻዋን ሆና ስክሪኑን አየች። በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀንን አስቀድሞ ያሰበ ሰው፣ ከጎኑ ሁለት ሳምንት የተቀመጠችን ሴት ይረሳል ብሎ ማሰብ ከበዳት። ደወለች።

«ኮርሳ፣ መቅደላዊት ነኝ። ከክሊኒኩ።»

«አቆመ?»

«አላቆመም። የሚያቆምም አይመስለኝም። የደወልኩት ለዚህ ነው።»



«እኔ ደግሞ» አለ ኮርሳ፣ «ሳልጠራ ብመጣ የገዛ ሥራዬን የተጠራጠርኩ ይመስላል ብዬ እዚሁ ቅርብ፣ ለቡ ሰፈር አራት ዓመት ተቀመጥኩ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ሳይ ነበር። ምነው አንድ ቦታ ላይ በተሳሳትኩ ብዬ ስመኝ።»

የታክሲው ሰልፍ ሳያግደው በምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ከራስ ፀጉሩ ውኃ ይንጠባጠባል። መቅደላዊት ከበሩ ላይ ተቀብላ፣ ያን ጊዜ የተቀመጠበትን ወንበር ሳበችለት። 

አጠገቡ ቆማ ለአክስቷ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አንድ ጊዜ ከሠራው በኋላ ተመልሶ መጠገን የማያስፈልገው ነገር እንደሚሠራ አስረዳቻቸው።

«ታዲያ በምን ይበላል፣ ልጄ?»

ኮርሳ ሳቁ አመለጠው። ወይዘሮ አሰገደች የወንዱን ሳቅ በስልኩ ሰሙ።

«ለነጋዴው እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። «ይሄን የሚስቀውን ግን፣ ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ አሁኑኑ ጠይቂው።»