ዘጠና ላይ የቆመው መርፌ

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ መሬት ለቅቃ የማታውቅ ትንሽ አውሮፕላን ቆማለች። የሠራት ኤልናታን በአብራሪው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ከኋላው በብሎን መፍቻ ቺያቬ ተመትቷል።

ኢንስፔክተር ሸዋረጋ ግን ከሬሳው ይልቅ ዳሽቦርዱን ነበር አብዝታ ያየችው። የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎቹ ገና ዛሬ ነው የተገጠሙት። የፍጥነቱ መርፌ ዘጠና ላይ ቆሟል። ለቆመች አውሮፕላን ይህን ያህል ፍጥነት ማን ሰጣት? ክንፉ ሥር ካለችው የአየር መቀበያ ቧንቧ ጋር በጎማ ቱቦ የተያያዘ ሲሪንጅ ተንጠልጥሏል። ሲሪንጁ ቀስ ተብሎ ሲገፋ መለኪያው በረራ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ መፈተሻው ይኸው ነው። አየሩ እንዳያመልጥ ቱቦው በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል።

የግቢው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ ሰርኬ፣ ሬሳውን ያገኘው ወንድሙ ደግፌ፣ አውሮፕላኗን አብሮት የሠራው አምሐ። ወሬ የጠማው ሰፈር ግን በሰርኬ ፈርዶባታል። ፖሊሶቹም ሊወስዷት ክንዷን ይዘዋል።

«‹አውሮፕላኗን አንድ ቀን አቃጥላታለሁ› ብለዋል?» አለቻት ሸዋረጋ።

«ብያለሁ! ቀንቼባት ነው። እኔን እንደሷ አጫውቶኝ አያውቅም። ዛሬ ከሰዓት እንኳ ከቤት ሆኜ በግድግዳው እሰማዋለሁ፤ ‹ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ› እያለ ያወራታል።»

ደግፌ ብረት ሊገዛ መርካቶ እንደነበር ተናገረ። አምሐም፣ «እኔ ጠዋት ነው የወጣሁት፤ ዘነበወርቅ ሰፈር እህቴ ቤት ነበርኩ። ስወጣ ዳሽቦርዱ ባዶ ቀዳዳ ነው፤ መለኪያዎቹን በዓይኔም አላየኋቸው» አለ።

ሸዋረጋ ዳሽቦርዱን በሸራ ሸፍና፣ እስካሁን ከውጭ ያቆየቻቸውን ሦስቱን ወደ መጠለያው ሰበሰበቻቸው።

«ሰው አውሮፕላኑን ምንም ቢወድ ቁጥር እየጠራ አያጫውታትም» አለች። «ኤልናታን መርፌውን ጮክ ብሎ ያነብ የነበረው ውጭ ሆኖ ሲሪንጁን ለሚገፋለት ሰው ነው። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ደግፌ፣ ያን መቆንጠጫ በአንዴ ንቀለው!»

ደግፌ እጁን ዘረጋ።

«ተው!» ብሎ ጮኸ አምሐ። «ዘጠና ላይ የቆመ መርፌ እንዲህ አይለቀቅም! ትሰብረዋለህ!»

ደግፌ እጁን መለሰ።

«በዓይንህ ያላየኸው መለኪያ ዘጠና ላይ መቆሙን ማን ነገረህ?» አለችው ሸዋረጋ።

አምሐ ወደ አውሮፕላኗ ዞረ። «ክንፏን የለበጥኩት እኔ ነኝ። ኤልናታን መጀመሪያ የምታበራት አንተ ነህ ብሎኝ ነበር። ዛሬ መርፌው ዘጠና ሲደርስ ሳቀና ‹እኔው ነኝ የማበራት› አለኝ። ከእሷ ጋር ሲሄድ ቆሜ ላየው ነው?» ካቴና ሲገባለትም ዓይኑን ከአውሮፕላኗ አልነቀለም።

ፖሊሶቹ የሰርኬን ክንድ ለቀቁ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ለአውሮፕላኗ የሚያወራ መስሎኝ» አለች። «ተናድጄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ባልለቀው ኖሮ ሲጮህ እሰማው ነበር።»