በጨርጨር በኩል ያለው መስኮት

አቶ ወልደ ማርያም ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው የጉዞ ወኪል ቢሯቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነበር የተገኙት። ማጅራታቸውን የመታው፣ ለወረቀት መጫኛ ያገለግል የነበረው የሐዲድ ብረት፣ ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ከፊታቸው የታተመ የአውሮፕላን ትኬት ተቀምጧል፤ ስልካቸው ላይም አንድ መልእክት ይታያል፦ «የአዲስ አበባ በረራዎ ምዝገባ ተጠናቋል። አሥራ ሁለተኛ ረድፍ፣ የቀኝ መስኮት።» የደረሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከዐሥር ነው።

ይህ መልእክት ጸሐፊያቸውን ኢክራንን ሊያሳስራት ነው። ምዝገባውን የፈጸሙት ራሳቸው ሟቹ ከሆኑ በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ከእሳቸው ጋር የነበረችው እሷ ብቻ ናት። የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

«አራት ሰዓት ላይ ወጥቼ አምስት ሰዓት ላይ ከፖስታ ቤት ስመለስ በራቸው ዝግ ነበር» አለች ለኢንስፔክተር ሽታዬ። «ጋሼ ሥራ ላይ ሲሆኑ አይረበሹም። አምስት ተኩል ላይ አንኳኩቼ ስከፍተው ተደፍተው አገኘኋቸው።»

«አዲስ አበባ ምን ነበራቸው?»

«ምስክርነት። ሟች ወንድማቸው ትተውታል ስለተባለው ኑዛዜ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርቡ ነበር።»

ሽታዬ ትኬቱ ላይ ጎንበስ አለች። የቦታ ማስያዣው ቁጥር ከስማቸው ጎን በጉልህ ታትሟል፤ ያን ያየ ሰው የትም ሆኖ፣ በገዛ ስልኩ ሊመዘግባቸው ይችላል። ቀና ስትል ግድግዳው ከአውሮፕላን መስኮት በተነሡ የተራራ ፎቶግራፎች ተሞልቶ አየችው።

«ተራራ ይወዱ ነበር?»

የሥራ ሸሪካቸው ዮኒስ በሐዘኑ መካከል ፈገግ አለ። «አቦ እህቴ፣ መውደድ ብቻ! የጨርጨር ተራሮች ልጅ እኮ ናቸው። ሃያ ጊዜ አብረን በረናል፤ አንዴ በጨርጨር በኩል መስኮት ጠፋ ብለው በረራ አስቀይረውኛል። ‹የእናቴን መቃብር ሳላይ አላልፍም› ይላሉ። ዋላሂ፣ ከዚያ ላይ መቃብር ይታያል?»

«ዛሬ የት ነበርክ?»

«ጠዋት ቤቴ፣ ብቻዬን። ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ቀፊራ ገበያ፣ ከዚህ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር። እኔ በበርበሬ ዋጋ ስከራከር እሱ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ‹አንተ፣ ገበያ የመጣኸው ስልክ ልታይ ነው?› አልኩት።»

የአዲስ አበባው ልጅ የሟቹ የወንድም ልጅ ሰይፈ ሚካኤል ነው። «ከአራት ተኩል በፊት ሆቴሌ ነበርኩ» አለ። «ድሬዳዋን ያየሁት ገና ከሦስት ቀን በፊት ነው፤ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርኩትም ያኔ ነው። አጎቴ ደውለው ‹በቀኝ በኩል ተቀመጥ፣ ጨርጨርን እያየህ ና› አሉኝ። ይህን ያህል የሚወዱኝን ሰው ነው ያጣሁት።»

ሽታዬ ወደ አየር መንገዱ ደወለች፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ከዚያም ሦስቱን በአንድነት አስቀመጠቻቸው።

«ሰይፈ ሚካኤል፣ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትበር ጨርጨር የሚታየው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነዋ» አለ ሳያመነታ።

ኢክራንና ዮኒስ እኩል ወደ እሱ ዞሩ።

«በግራ ነው እንጂ!» አለ ዮኒስ። «አውሮፕላኑ ፊቱን አዙሮ አይደል እንዴ የሚመለሰው?»

«አቶ ወልደ ማርያምም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ» አለች ሽታዬ። «በዚያው ረድፍ የግራው መስኮት እስካሁን ባዶ ነው፤ አሁን ተነግሮኛል። እሳቸው ቢሆኑ ያን ትተው ቀኙን አይመርጡም። እንግዲያው ምዝገባው የእሳቸው አይደለም፤ አምስት ከዐሥር ላይ በሕይወት ስለመኖራቸውም ሌላ ማስረጃ የለም። የመዘገባቸው ሰው ጨርጨርን እንደሚወዱ ያውቃል፤ ሲመለሱ ቀኙ ግራ እንደሚሆን ግን አያውቅም። ኢክራን በየቀኑ ትኬት ትሸጣለች፤ ዮኒስ ሃያ ጊዜ በሯል። አንተ ግን መጣህ እንጂ ገና አልተመለስህም። አራት ተኩል ሳይሞላ ገደልካቸው፤ ቁጥሩን ከትኬቱ ወሰድህ፤ ከዚያ ቀፊራ፣ ምስክር አጠገብህ አቁመህ፣ መዘገብካቸው። ስልክህን ስጠኝ።»

የሰይፈ ሚካኤል እጅ ከኪሱ አልወጣም። «የኑዛዜው ፊርማ የአባቴ እንዳልሆነ ሊመሰክሩብኝ ነበር» አለ። «ውርሱ ለእህቴ ለዲናም እንዲደርሳት ብለው!»

መኪናዋ እሱን ይዛ ሄደች። ኢክራን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከረፋዱ ጀምሮ ለራሷ ከመፍራት በቀር ፋታ አላገኘችም ነበር፤ አሁን ገና ለጋሼ አለቀሰች።