ከኬላው ወዲህ

«እስቲ ውጪና እይ» አለች ሥራነሽ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስትል ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ያለምወርቅ ወጣችና አየች። ከቤታቸው ደጃፍ ቁልቁል እስከ ጣሊያኖቹ ኬላ ድረስ መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይ የጫነ አንድ ካሚዮን ብቻ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው አይታይም። ተመልሳ ገብታ ማንም እንደሌለ ነገረቻት።

እናቷ ጎንበስ ብላ ጠዋት አስተካክላ የጎዘጎዘችውን ሣር እንደገና ማስተካከል ጀመረች። ጠላው ደርሷል። ድፎው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከፍ ያለው መደብ ላይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ የለበሰው የማኅበሩ ጽዋ ተቀምጧል። የዝግባ ማርያም ማኅበርተኞች በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በየተራ አንዱ ቤት እየተሰበሰቡ የሚጠጡበት ጽዋ ነው። ዛሬ ተራው የነሥራነሽ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ ከማኅበርተኞቹ ግን አንድም የመጣ የለም።

የያለምወርቅ አባት ታረቀኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ለጣሊያኖቹ መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ዛሬ ለድግሱ ብሎ ከሥራ ቀርቷል። ዛሬ የሆነ ነገር ከብዶታል፤ ያለምወርቅ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም።

የሚኖሩበት አዲስ ሰፈር ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከጣሊያኖቹ ምሽግ ሥር የበቀለ ነው። ከተማ እንዳይሉት ከተማው ወደ ላይ ነው፤ ገጠር እንዳይሉት የሚታረስ መሬት የለውም። ወደዚህ የመጡት ዓምና ነው። ወታደሮቹ አርበኛ ፍለጋ መንደራቸው ዝግባ ማርያም ገብተው ጎተራ ሲያቃጥሉ የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ድረስ እግሩን ተቃጠለ። ቁስሉ አልድን ሲል አባቷ አዝሎ ወደ ሐኪም ቤት አመጣው። ጎተራውን ያቃጠሉትም፣ አሁን በየሳምንቱ ቁስሉን እያጠቡ የሚጠቀልሉትም ያው ጣሊያኖች ናቸው። ያለምወርቅ ይህን ስታስበው ያበግናታል። ያብግናት እንጂ እግሩ እየዳነ ነው።

ሰፈሩ በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይነሳል። በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ቤት አለ። መንደር ሳለች ከመጅ ጋር ስትታገል የሚነጋባት ልጅ አሁን መዳፏ ለስልሷል፤ በዚህ ደስ ይላታል፣ ደስ ስላላትም ታፍራለች። ማታ ግን መለከት ከተነፋ በኋላ ከቤት ንቅንቅ ማለት የለም። ላሚቱ ግጦሽ ስለሌለ መንደር፣ አክስቷ ታየች ዘንድ ቀርታለች። ጎረቤቱ አንዱ ከሉማሜ፣ ሌላው ከጉንደ ወይን የመጣ ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይናገርም አለ። ባለፈው ክረምት ከታች ባለው ቤት አባወራው ሲሞት ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ፍለጋ አባቷ ቤት ለቤት ዞሯል። ዝግባ ማርያም ቢሆን አገሩ በሙሉ ይወጣ ነበር።

ሥራነሽ ከዚያ ቀብር ስትመለስ ቁርጧን ተናግራለች። «ጽዋዬን የነጠቁኝ ቀን እዚህ አላድርም። ወገኔ ባለበት እኖራለሁ።» ታረቀኝ የልጁስ እግር ቢላት ማርያም ታውቃለች ብላ ዘጋችው። ሥራነሽ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

«እስከ ወንዙ ድረስ ውረጂ» አለቻት አሁን። «መንገድ ላይ የሆኑት ነገር ይኖራል።»

ያለምወርቅ ባዶ እንስራዋን አዝላ ወረደች። የኬላው ዘብ በየቀኑ ውሃ ስትቀዳ ስለሚያያት ቀና ብሎም አላያት።

ማኅበርተኞቹ ወንዙን ሳይሻገሩ ከሾላው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁሉም አሉ። አክስቷ ታየች ተነሥታ አቅፋ ሳመቻት።

«ምነው እትዬ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላለችም እኮ።»

ታየች ነገሩን ነገረቻት። ለካስ ታረቀኝ ሰው ተሰብስቦ ቢያዩ ያስሩብኛል ብሎ ፈርቶ ኬላው ድረስ ሄዶ ፈቃድ ጠይቋል። ዘቦቹም ይለፉ፣ ግን እያንዳንዱ ስሙንና ልጆቹ የት እንዳሉ እየተናገረ ይለፍ ብለዋል። ከማኅበርተኞቹ የሁለቱ ልጆች ጫካ ናቸው፣ ከአርበኞቹ ጋር። ወሬው ጠዋት መንገድ ላይ ነው የደረሳቸው።

«የማርያምን ጽዋ ለመጠጣት ጣሊያን ይጠየቃል?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

የማኅበሩ ቄስ መምሬ አወቀ እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኟቸው። «አባትሽ ክፉ አላሰበም፤ ተሳሳተ እንጂ። እኛ ግን በዚያ በር አናልፍም። ቀኑም ጽዋ ሳይጠጣበት አይመሽም። ሂጂና ጽዋውን አምጪልን፤ ቀጣይዋ ተረኛ ታየች ናት፣ እሷ ቤት እንጠጣዋለን።»

«የእማዬ ተራስ፣ አባ?»

«አገሯ ስትገባ ይደርሳታል» አሉ መምሬ፤ ሲናገሩ ግን አላዩዋትም።

ያለምወርቅ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ ከበዳት። መልእክቱን እንዳለ ካደረሰች እናቷ ዛሬውኑ ዕቃ መጠቅለል ትጀምራለች። የድረስ ቁስል እንደገና ይመግላል። እሷም ወደ መጁ ትመለሳለች። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለች ውሸቱ ራሱ መጣላት፤ ኬላው ከልክሏቸው ተመለሱ፣ በሚመጣው ወር እንመጣለን ብለዋል። ማን ይጠረጥራል? ጣሊያን ከለከለ ቢባል የማያምን የለም። ጽዋውም እዚያው መደቡ ላይ ይቆያል።

እስከ ደጃፉ ድረስ ውሸቱን ስትለማመድ መጣች። ገብታ ግን እናቷን አየቻት። ጎረቤታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ያዋሰቻትን ቅሎች አንድ በአንድ እየወለወለች ትደረድራለች። እነዚያ ደግሞ ታች ከሾላው ሥር እህል ሳይቀምሱ ተቀምጠዋል፤ እስኪመሽም እንደዚያው ሊጠብቋት ነው። ያለምወርቅ አልቻለችም። የሰማችውን ሁሉ፣ የአባቷንም ጥፋት ጭምር፣ ተናገረች።

ታረቀኝ ከደጃፉ ተነሣ። «የኔ ጥፋት ነው» አለ።

ሥራነሽ ጽዋውን ለማንሣት ወደ መደቡ ሄደች።

«ቆይ እማዬ» አለች ያለምወርቅ። «እነሱ በኬላው መግባት አይችሉም እንጂ እኛ መውጣት እንችላለን። ውሃ ቀጂ ሴት ማን ይጠይቃታል? ጠላውን በእንስራ እናውርደው።»

«ጽዋ ሜዳ ላይ? ቤት እያለኝ?»

«ተርበው ቁጭ ብለዋል እኮ።»

ቅሎቿን ልታይ ብቅ ያለችው ወለተ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ማኅበርተኛ አይደለችም፤ አገሯም ሉማሜ ነው። «የኔ እንስራ ትልቅ ነው» ብላ ወጣች። ስትመለስ ሁለት ሴቶች አስከትላ ነበር። አንዷ ያቺ ባለፈው ክረምት ባሏን የቀበረችው ናት።

ጽዋውንና ድፎውን ከሚታጠብ ልብስ ጋር ቅርጫት ውስጥ አስገቡት። ጠላው ወደ እንስራዎቹ ተገለበጠ። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነበር፤ ወደ ወንዝ የሚወርድ እንስራ ባዶ ነው፣ ባዶ ያዘለ ሰው ደግሞ አያጎነብስም። «ቀና በሉ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፣ «ወሬም አውሩ።» ቀና ብለው፣ ወገባቸው እየተቆረጠ፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ሐሜት እያወሩ በኬላው አለፉ። ዘቡ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። ያለምወርቅ ጠላው ሸተተው ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሐሜቱን ቀጠለች። ዘቡም ፊቱን ወደ ካሚዮኑ መለሰ።

ከሾላው ሥር መምሬ አወቀ ጸልየው ጽዋውን ባረኩ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ለሉማሜዋ ወለተ ጊዮርጊስም ደረሳት፣ ለሌሎቹ ሁለት ሴቶችም። ወደ መጨረሻ አካባቢ ታረቀኝ መጣ፤ ድረስን ግን አላዘለውም። ልጁ እግሩ እንደተጠቀለለ፣ የአባቱን ጣት ይዞ፣ ቁልቁለቱን በራሱ ወረደ። ታረቀኝ የሽማግሌው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም አነሡት፤ ፊታቸው ግን ቶሎ አልተፈታም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጽዋው ለታየች ተሰጠ። ታየች ያለምወርቅን ወደ ጎን ወሰደቻት። ላሚቱ እንደወለደች፣ ለያለምወርቅም መኝታ እንዳለ ነግራት፣ እናትሽ ባትመጣ እንኳ አንቺ ነይ አለቻት። ያለምወርቅ የላሚቱን ጥጃ ማየት ከልቧ ፈለገች። «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች።

መምሬ አወቀ በመጨረሻ ወደ ሥራነሽ ዞሩ። «የሚቀጥለው ተራሽ የት እንበለው?»

ሥራነሽ ታየች የያዘችውን ጽዋ ቀይ ጨርቅ አስተካከለች። ማኅበርተኞቹ ተሰናብተው፣ ጽዋውን በእልልታ ሳይሆን በዝምታ አጅበው ሄዱ። እሷ ነጠላዎቹ ከጉብታው ጀርባ እስኪጠፉ ድረስ በዚያው አቅጣጫ ቆማ ቀረች። ያለምወርቅ እናቷ ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃ ፈራች።

ጎረቤቶቹ እንስራቸውን አለቅልቀው ይሞላሉ፤ ባዶውን ይዞ የሚመለስ ሰው ዘቡን ያስጠረጥራል። ያለምወርቅም የራሷን ሞላች። ቀጥላ የእናቷን እንስራ አነሣች፣ አጠበች፣ ሞላች፤ ከእግሯ አጠገብም አስቀመጠችላት።

ከላይ ከምሽጉ የመጀመሪያው መለከት ተሰማ። ሥራነሽ እንስራውን አየች። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠጠር ወደ ውሃው የሚወረውረውን ድረስንም አየች። ከዚያ ጀርባዋን ለልጇ ሰጥታ ጎንበስ አለች።

«አሸክሚኝ» አለች። «ኬላውን ሳይዘጉብን።»