ጎማ ሥር የቀረው ድንጋይ

እናንተ ሹፌሮች፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። ደግሞ "ይቺ ሴትዮ ምን ታውቃለች?" እንዳትሉኝ። መሪ ባልይዝም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሹፌር ጎን ተቀምጫለሁ፤ ሹፌሩም ባሌ ነው።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሽርሽር ወጣን። እኛ በመኪና፣ ታናሽ ወንድሜ በሞተር። እሱ ነዳጅ ሊቀዳ ትንሽ ወደኋላ ቀረት አለ። የተራራውን ጠመዝማዛ አጋምሰን አንድ ኩርባ እንዳለፍን ልጆቹ "አባዬ አቁምልን፣ ፎቶ እንነሣ!" ብለው ጮኹ። እውነት ለመናገር ሸለቆው ልብ ይሰርቃል፤ ደመናው ከእግራችን በታች ነው። ባሌም ዳገቱ ላይ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀጥ አደረጋት። የእጅ ፍሬኑ ከላላ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ድስት የሚያክል ድንጋይ ፈልጎ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ።

ፎቶ ተነሥተን ተሳፈርን። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች፤ ድንጋዩ እዚያው ቀረ።

"ኧረ ድንጋዩን አንሣው!" አልኩት።

"ባክሽ አትጨቅጭቂኝ። ዓይን ያለው አይቶ ያልፋል። እኔ መንገድ ጠራጊ ነኝ እንዴ?"

የልጆቹን ደስታ ላለማደፍረስ ብዬ ተውኩት።

አናቱ ላይ ደርሰን ምሳ ዘርግተን ወንድሜን ጠበቅነው። የውሃ ሽታ ሆነ። ስልኩም አይነሣም። ከታች የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር "ኩርባው ላይ አንድ ሞተረኛ ወድቋል" ሲለን ክው አልኩ።

ተመልሰን ስንደርስ ሰዎች ሞተሩን ከላዩ አንሥተውለት መንገድ ዳር አስተኝተውታል። ከንፈር የሚመጥ ሞልቷል። ያ ድንጋይ ግን እንዳለ ነው። ወንድሜን አፋፍሰን ወደ ሆስፒታል በረርን።

ሐኪሙ ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ መሰበሩን ነገረን። ወንድሜ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ እንጀራው ምሰሶ ላይ ነው። "ምሰሶ መውጣቱን ይርሳው" ሲባል ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። ባሌ ላይ ልጮህ አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

"ጋሼ፣ ድንጋዩንስ አነሣችሁት?"

እርስ በርስ ተያየን። አላነሣነውም! ያን ሁሉ ደም እያየን፣ በድንጋዩ ጎን አልፈን ነው የሄድነው።

ባሌ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ሸሚዙ አፈር በአፈር ሆኗል።

"ሌሎች አራት አገኘሁ" አለኝ እንባው እየወረደ። "ሁሉም ጎማ ሥር የነበሩ ናቸው።"

እነዚያን አራቱን ማን ተዋቸው? መልሱልኝ እንጂ! ራሴንም ቢሆን አልምርም። "አንሣው" ከምል ወርጄ ባነሣው ምን ነበረበት? እጅ አልነበረኝም?

ዛሬ ባሌ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲያይ ዳር ይዞ ያቆማል፤ ወርደን እናነሣለን። እናንተም ጎማ ሥር ያስገባችሁትን ሳታነሡ አትሂዱ። ከኋላችሁ የሚመጣው የሰው ወንድም ነው።